ለጉልበት የዋጥነው ክኒን ጉልበት ላይ ብቻ አይቆምም



የዛሬው ርእሳችን በብዙዎቻችሁ ቤት፣ በመሳቢያ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሲን፣ ኢንዶሜታሲን፣ ሜሎክሲካም፣ ሴሌኮክሲብ፤ ስማቸው ይብዛ እንጂ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ፀረ-ብግነት የሕመም ማስታገሻዎች እንላቸዋለን። ጉልበቱን፣ ወገቡን፣ ትከሻውን፣ የእጁን ጣቶች ላመመው ሰው ቀድመው የሚደርሱለት እነዚህ ናቸው። እንቅልፍ የነሣውን ያስተኛሉ፤ ጠዋት ከአልጋው መነሣት ያቃተውን ያስነሣሉ። ተገቢው ሰው በልኩ ሲወስዳቸው ትልቅ ጸጋ ናቸውና እነሱን ለማውገዝ እዚህ አልቆምኩም።

የሚያሳስበኝ አመራረጣችን ነው። መገጣጠሚያውን የሚያመው ሰው ፋርማሲ ሲገባ በአብዛኛው የሚጠይቀው «የትኛው ይበረታል?» ብሎ ነው። ነገር ግን እነዚህ መድኃኒቶች በሙሉ መጠናቸው ሲወሰዱ ሕመም በማስታገስ ኃይላቸው ብዙም አይራራቁም። በሰፊው የሚለያዩት ጨጓራን፣ ልብንና ኩላሊትን በሚጎዱበት መጠን ነው። ስለዚህ ማስታገሻ ስንመርጥ የሕመሙን ጽናት ከማየታችን በፊት የሚወስደውን ሰው ጨጓራ፣ ልብና ኩላሊት ማየት አለብን። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚወጣ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? የነገሩን ሥር ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። የዚህ ቤተሰብ አንጋፋ አስፕሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ፊሊክስ ሆፍማን የተባለ ኬሚስት በጀርመኑ ባየር ኩባንያ ውስጥ ንጹሑን አስፕሪን ሠራ። ከዚያ በኋላ ከሰባ ዓመት በላይ የዓለም ሕዝብ ሲውጠው ኖረ፤ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ግን በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ምስጢሩን የፈታው እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ቬን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ሥራ አስፕሪንና ዘመዶቹ ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ እንደሚያደርጉ አሳየ። በ1982ም ከሁለት ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ፕሮስታግላንዲን በተቆጣ ጉልበት ውስጥ በብዛት ሲመረት መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል። ክኒኑ ምርቱን ሲገታ እብጠቱ ይጎድላል፣ ሕመሙም ይበርዳል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ችግሩ ይኸው ንጥረ ነገር በሌላው የሰውነታችን ክፍል የጠባቂነት ሥራ ያለው መሆኑ ነው። የጨጓራችንን ግድግዳ ከራሱ አሲድ የሚከልለው ሽፋን እንዲመረት ያደርጋል። ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባውን ቀጭን ቧንቧ ከፍቶ ይይዛል። የደም ሥሮቻችን ውስጥ ደም ያለ ቦታው እንዳይረጋ ከሚያግዙት አንዱ ነው። ለጉልበታችን ብለን የዋጥነው ክኒን ከደም ጋር ተቀላቅሎ እነዚህን ሁሉ ይደርስባቸዋል።

በጨጓራ እንጀምር። አንድ ሰው ማስታገሻ ሲወስድ ሆዱን ካላቃጠለው «ለእኔ ተስማምቶኛል» ይላል። ይህ አታላይ ምልክት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በእነዚህ መድኃኒቶች መግለጫ ላይ ያሰፈረው ማስጠንቀቂያ እንደሚለው፣ ከባድ የጨጓራ ጉዳት ከሚደርስባቸው ታካሚዎች መካከል አስቀድሞ ምልክት የሚሰማው ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው። አራቱ ያለ ምንም ማቃጠል ቆይተው በድንገት ይደማሉ፤ አልያም ጨጓራቸው ይበሳል። መድማቱ ደም በማስታወክ ወይም እንደ ሬንጅ በጠቆረና በሚያጣብቅ ሰገራ ይታወቃል። ይህን ያየ ሰው እስኪነጋ መጠበቅ የለበትም፤ በዚያችው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ለዚህ ጉዳት ይበልጥ የሚጋለጡት እነማን ናቸው? ዕድሜያቸው ከ65 ያለፈ፤ ከዚህ በፊት የጨጓራ ቁስለት ወይም መድማት ያገኛቸው፤ እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ፣ አስፕሪን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱ፤ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ የድብርት መድኃኒት ላይ ያሉ፤ አልኮል የሚያዘወትሩ። በሀገራችን ደግሞ ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በብዛት አለ። ባክቴሪያው ለብቻው ያቆስላል፣ ማስታገሻውም ለብቻው ያቆስላል፤ ሁለቱ ሲገናኙ አደጋው ይባዛል። ስለዚህ ማስታገሻ ለረጅም ጊዜ ሊወስድ የተዘጋጀ፣ በተለይም ቀድሞ ቁስለት የነበረበት ሰው፣ አስቀድሞ ለባክቴሪያው ተመርምሮ ቢታከም ጥቅሙ ትልቅ ነው።

«ምግብ በልቼ እወስደዋለሁ» የሚል ሰው ጥሩ ያደርጋል፤ የሆድ መረበሹን ይቀንስለታል። ቁስለትን ግን ምግብ አይከላከልም። ወተትም፣ ከፋርማሲ የሚገዛው ነጭ የጨጓራ ሽሮፕም አይከላከሉም። በሙያው የታወቀው መከላከያ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የአሲድ መቀነሻ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ 20 ሚሊግራም፣ ከቁርስ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይወሰዳል። አደጋ ያለበት ሰው ማስታገሻውን በሚወስድባቸው ቀናት ሁሉ አብሮ ይወስደዋል።

መርፌውስ? ብዙ ሰው «ጨጓራዬ ስላልቻለ በመርፌ ይሰጠኝ» ሲል እሰማለሁ። ሐሳቡ የገባኝ ቢሆንም ስሕተት ነው። ዳይክሎፌናክ ጨጓራን የሚያቆስለው በዋነኛነት ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ፕሮስታግላንዲንን በመግታት ስለሆነ፣ በአፍም ገባ በመርፌ፣ ጨጓራ ዘንድ መድረሱ አይቀርም። ከዚህም ሌላ መርፌው ያለ ቦታው ከተወጋ በመቀመጫ በኩል የሚያልፈውን ትልቁን የእግር ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። የዳይክሎፌናክ መርፌ አጣዳፊ ሕመምን ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ለማስታገስ የተዘጋጀ ነው። በየሳምንቱ ክሊኒክ እየሄዱ ለጉልበት መወጋት ሕክምና ሊባል አይገባውም።

አሁን ወደ ልብ እንለፍ። እዚህ ላይ ዓለም ትልቅ ዋጋ ከፍሎ የተማረው ታሪክ አለ። ተመራማሪዎች ፕሮስታግላንዲንን የሚያመርተው ኢንዛይም ሁለት ዓይነት መሆኑን ሲደርሱበት፣ ኮክስ አንድ ጨጓራን እንደሚጠብቅ፣ ኮክስ ሁለት በተቆጣ መገጣጠሚያ ላይ እንደሚበዛ አዩ። «እንግዲያው ኮክስ ሁለትን ብቻ የሚገታ መድኃኒት ብንሠራ ጨጓራ ሳይነካ ሕመም ይታገሣል» አሉ። ከዚህ ሐሳብ ሴሌኮክሲብ እና ቫዮክስ በሚል ስም የተሸጠው ሮፌኮክሲብ ተወለዱ። ቫዮክስ እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ፤ ብዙ ሚሊዮን ሰዎችም ወሰዱት። ጨጓራን በመጠበቅ በኩል የተባለውን አደረገ። ነገር ግን የትልቁ አንጀት ኪንታሮት መሰል እብጠቶች እንዳይመለሱ ይረዳ እንደሆነ ለማየት በተደረገ አንድ ጥናት ላይ፣ ከ18 ወር በኋላ መድኃኒቱን የሚወስዱት ሰዎች በድንገተኛ የልብ ሕመምና በስትሮክ የመጠቃት ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ ጨምሮ ተገኘ። አምራቹ ሜርክ መስከረም 2004 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱን ከዓለም ገበያ አነሣው።

ከቫዮክስ በኋላ ጥያቄው ወደ ቀሩት ዘመዶቹ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ትንተና ከ600 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ አሰባስቦ መረመረ። ዳይክሎፌናክ በቀን 150 ሚሊግራም ሲወሰድ በልብና በደም ሥር ላይ የሚያደርሰው አደጋ ከእነ ሴሌኮክሲብ ወገን ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ተገኘ። አንድ ሺህ ሰዎች ለአንድ ዓመት ቢወስዱት ተጨማሪ ሦስት ሰዎች ከባድ የልብ ወይም የደም ሥር አደጋ ያገኛቸዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ይሞታል። አይቡፕሮፌንም በከፍተኛ መጠን፣ ማለትም በቀን 2400 ሚሊግራም ሲወሰድ ለልብ አይመከርም። ናፕሮክሲን በቀን 1000 ሚሊግራም በዚያው ትንተና ለልብ የተሻለ ሆኖ ታየ፤ ለጨጓራ ግን ከከባዶቹ ተርታ ነው። የልብ ድካምን በተመለከተ ደግሞ የተመረመሩት ሁሉም አደጋውን በእጥፍ ገደማ ከፍ አድርገዋል።

በዚሁ ዓመት የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ የልብ ሕመም፣ የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ያገኘው ሰው ዳይክሎፌናክ እንዳይወስድ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማስጠንቀቂያውን አጠንክሮ አደጋው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ እንኳ ሊከሠት እንደሚችል አሳወቀ። ይህን የምነግራችሁ ዳይክሎፌናክ በእኛ ሀገር ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ማስታገሻ ስለሆነ ነው። ወጣትና ጤነኛ ሰው ለጥቂት ቀናት ቢወስደው የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ልቡን የሚታከም ሰው ግን በልማድ ሊውጠው አይገባም።

ለልባቸው በየቀኑ አነስተኛ አስፕሪን የሚወስዱ ሰዎችም አንድ ነገር ይያዙልኝ። አይቡፕሮፌን ቀድሞ ከተዋጠ አስፕሪኑ ሥራውን የሚሠራበትን ቦታ ይይዝበታል፤ አስፕሪኑ ሳይሠራ ይቀራል። አይቡፕሮፌን የግድ ካስፈለገ ተራው አስፕሪን ከተወሰደ ቢያንስ 30 ደቂቃ በኋላ፣ ወይም አስፕሪኑ ሊወሰድ ከ8 ሰዓት በላይ ሲቀረው ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው ለሐኪም ነግሮ ሌላ አማራጭ መፈለግ ነው።

ሦስተኛው ኩላሊት ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ የሚጎዳውም እሱ ነው። እዚህ ላይ በእኛ ፋርማሲ መደርደሪያ ፊት በየጊዜው የሚያጋጥመውን ዓይነት ጉዳይ በምሳሌ ላሳያችሁ። የ68 ዓመት እናት ናቸው እንበል። ጉልበታቸውን ይዘው እያነከሱ ገብተው «የጉልበት ኪኒን ስጠኝ ልጄ» ይላሉ።

«እማማ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለኝም ልጄ። የግፊቱን ነው እንጂ።»

«ይዘውታል? እስቲ ልየው።»

ፌስታላቸውን ፈትተው መደርደሪያው ላይ ያወጣሉ። ኢናላፕሪል አለ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሽንት እያበዛ ግፊት የሚቀንሰው ክኒን፣ አለ። ከሥር ደግሞ ግማሹ ያለቀ የዳይክሎፌናክ 50 ሚሊግራም ቅጠል አለ። ከሱ ጎን አንድ ጠርሙስ አድቪል አለ።

«ይቺስ?»

«እሷን ልጄ ከአሜሪካ ነው የላከችልኝ። ሲብስብኝ እጨምራታለሁ።»

እኚህ እናት የሠሩት ጥፋት የለም፤ የጠየቃቸው ሰው ነው የጠፋው። አድቪል አይቡፕሮፌን ነው። ስለዚህ ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ማስታገሻ እየደራረቡ ነው ማለት ነው። ሁለት ሲደረብ ማስታገሱ ብዙም አይጨምርም፤ ጉዳቱ ግን ይደመራል። የግፊት መድኃኒቶቻቸውም ሌላ ጣጣ ይጨምራሉ። ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዘው ፕሮስታግላንዲን ነው ብያችኋለሁ፤ ዳይክሎፌናኩ እሱን ሲገታ መግቢያው ይጠብባል። ኢናላፕሪል በበኩሉ የመውጫውን ቧንቧ ያላላል። ሽንት የሚያበዛው ክኒን ደግሞ የሚመጣውን ፈሳሽ ያሳንሳል። መግቢያው ጠብቦ፣ መውጫው ላልቶ፣ ፈሳሹ አንሶ ማጣሪያው የሚሠራበት ግፊት ያጣል። ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሥራ ሊያቆም ይችላል። በዚያ ላይ ማስታገሻው ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ ስለሚያስቀር የደም ግፊታቸው ይጨምራል፤ እሳቸውም «የግፊት መድኃኒቴ አልሠራ አለኝ» ብለው ሌላ ክኒን ይታዘዝላቸዋል።

ፈሳሽ የጎደለበት ማንኛውም ሰው ለዚህ ጉዳት የቀረበ ነው። ተቅማጥና ትውከት የያዘው፣ በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይቀምስ የሚውል፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት ውስጥ ጠጥቶ በማይጠግብበት ሥራ ላይ ያለ ወገናችን፣ ማስታገሻ ከመዋጡ በፊት ውኃ መጠጣቱን ያስብ። ስኳር በሽታ ያለበት ወይም ኩላሊቱ ቀድሞ የተጎዳ ሰው በአፍ የሚወሰዱትን ማስታገሻዎች በራሱ ፈቃድ ባይነካቸው ይሻላል። ለሳምንታት የሚወስድ ሰውም የክሬቲኒን (የኩላሊት) ምርመራ ማድረግና ግፊቱን መለካት አለበት። ምርመራው ቀላል ነው፤ በወቅቱ ከተደረገ ብዙ ያድናል።

ስለ ውጭ አገር መድኃኒት ካነሣሁ አይቀር፣ በሻንጣ የሚመጣውን እናስተውል። አሜሪካ ያለው ዘመድ አድቪል ወይም ሞትሪን ቢልክ ሁለቱም አይቡፕሮፌን ናቸው፤ አሊቭ ቢልክ ናፕሮክሲን ነው። ከዓረብ አገር ቮልታረን ወይም ካታፍላም ቢመጣ ዳይክሎፌናክ ነው። ታይሌኖልና ፓናዶል፣ በእስራኤልም አካሞል የሚባለው፣ ፓራሲታሞል ናቸው። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም ውስጣቸው አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል አለ። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ትታችሁ ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም አንብቡ፤ ማንበብ ካልቻላችሁ አስነብቡ።

እንግዲህ ምን እንምረጥ? ከመድኃኒቱ በፊት ሕመሙን እንለይ፤ ቁርጥማት ወይም ሪህ እያልን በአንድ ስም የምንጠራው ሕመም የተለያየ ነውና። አንዱ በዕድሜና በጫና ልም አጥንት የሚሸረሸርበት ነው፤ ጉልበትን፣ ዳሌንና የጣት አንጓን ያጠቃል፣ ሲንቀሳቀሱ ይብሳል። ሌላው ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን ሲያጠቃ የሚመጣ ሲሆን የሁለቱንም እጆች ጣቶች ያሳብጣል፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ያደርቃል። ሦስተኛው ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠራቀም የሚመጣው ሪህ ነው፤ ብዙ ጊዜ በእግር አውራ ጣት ላይ በሌሊት ድንገት ይነሣል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል።

ይህን መለየት ለምን አስፈለገ? ሩማቶይድ የያዘው ሰው ለዓመታት ዳይክሎፌናክ ቢውጥ ሕመሙ ይታገሥለታል፤ መገጣጠሚያው ግን ውስጥ ውስጡን እየፈረሰ ይሄዳል። በሽታውን የሚይዙት እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው፤ ቶሎ ሲጀመሩም ይበልጥ ይረዳሉ። ሜቶትሬክሴት ለዚህ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መሆኑን፣ እሱን የሚወስድ ሰውም ማስታገሻ ሲጨምር ለሐኪሙ መንገር እንዳለበት አደራ እላለሁ። የሪህ ሕመምተኛ ደግሞ ኩላሊቱ የተጎዳ ከሆነ ሐኪም ከነ ኮልቺሲንና ፕሬድኒሶሎን መካከል መርጦ በጥንቃቄ ሊያክመው ይችላል። ጣቶቹ ለሳምንታት ያበጡበት ሰው ወደ ፋርማሲ ከመምጣቱ በፊት ሐኪም ይየው።

ለተሸረሸረ ጉልበትና ለጣት አንጓ የመጀመሪያው ምርጫ ከቆዳ በላይ የሚቀባ የዳይክሎፌናክ ጄል ቢሆን እመርጣለሁ። ጄሉ በቆዳ በኩል መገጣጠሚያው ድረስ ይሠራል፤ ወደ ደም የሚገባው ግን በአፍ ከሚወሰደው ጋር ሲነጻጸር 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለጉልበት መሸርሸር አጥብቆ መክሮታል፤ በ2020 ደግሞ በአሜሪካ ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት በትንሹ ቀብቶ፣ በሁለት ቀን ስለሚተወው ነው። በቂ መጠን በየቀኑ በተባለው ልክ እየተቀባ አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይሞከር። ዳሌና ወገብ ግን ጥልቅ ስለሆኑ ጄሉ አይደርስባቸውም። ከባድ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰውም ጄሉን ሐኪም ጠይቆ ይቀባ።

በአፍ የሚወሰድ ካስፈለገ እንዲህ እናስብ። ከ65 ዓመት በታች ያለ፣ ጨጓራው፣ ልቡና ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ቢበዛ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለጥቂት ቀናት ሊወስድ ይችላል። ልቡ ደህና፣ ጨጓራው ግን ያልታመነ ሰው ሐኪም ሴሌኮክሲብ ያዝለታል፣ ወይም ከሌላው ማስታገሻ ጋር ኦሜፕራዞል ይጨምርለታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ በወጣ፣ 24 ሺህ ያህል ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ሴሌኮክሲብ በመጠነኛ መጠን ለልብ ከአይቡፕሮፌንና ከናፕሮክሲን ያልከፋ ሆኖ ተገኝቷል። ጨጓራው ደህና፣ ልቡ ግን ያሰጋው ሰው፣ የግድ ካስፈለገ፣ ናፕሮክሲን ከኦሜፕራዞል ጋር ይታሰብለታል። ጨጓራውም ልቡም ያሰጋው፣ ወይም ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ከዚህ ቤተሰብ በአፍ የሚወሰድ ነገር ባይነካ ይሻለዋል፤ ለእሱ ጄል፣ ፓራሲታሞልና ሌላው ሕክምና አለ።

ፓራሲታሞልን እዚህ ላይ ሳልጠቅስ አላልፍም። ብግነት አይቀንስም፤ ለተሸረሸረ ጉልበትም ማስታገሱ መጠነኛ ነው። ነገር ግን ከጨጓራና ከልብ ጋር ስለሚስማማ ብዙ ሰው ይረዳዋል። ጤነኛ ጎልማሳ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን እንዳያልፍ። ጉበቱ የተጎዳ ወይም አልኮል የሚጠጣ ሰው ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ እንዲወስድ ባለሙያ ይጠይቅ።

ፀረ-ብግነት ማስታገሻዎቹ ሊወሰዱባቸው የማይገቡ ሁለት ጊዜያት አሉ፤ አስምሩባቸው። አንደኛው እርግዝና ነው። ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ እነዚህ መድኃኒቶች የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የእንሽርት ውኃ ሊያሳንሱ ይችላሉ፤ ከ30ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ በፅንሱ ልብ አጠገብ ያለውን የደም ቧንቧ ያለ ጊዜው ሊዘጉ ይችላሉ። ሁለተኛው ትኩሳት ከመገጣጠሚያ ቁርጥማት ጋር አንድ ላይ ሲመጣ ነው። ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. ዴንጌ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉኒያ ገብተውባታል፤ ሁለቱም ትንኝ የሚያስተላልፋቸው፣ አጥንትና አንጓ የሚሰባብር ሕመም የሚያመጡ ናቸው። በዴንጌ የተያዘ ሰው አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ቢወስድ መድማት ሊብስበት ይችላል። ስለዚህ ዴንጌ ባለበት አካባቢ ያለ ወይም ከዚያ የመጣ ሰው ትኩሳትና ቁርጥማት ሲይዘው፣ ምርመራው እስኪታወቅ ፓራሲታሞል ብቻ ይውሰድ።

ከዚሁ ጋር ስለሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ልናገር። «ከዕፅ ብቻ የተሠራ፣ ጉዳት የሌለው፣ ቁርጥማትን በሦስት ቀን የሚነቅል» እየተባለ የሚሸጥ እንክብል አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አርትሪ ኪንግ በሚል ስም የሚሸጡ የመገጣጠሚያ «ማሟያዎች»ን ሲመረምር ውስጣቸው በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ዳይክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን አገኘ፤ የተጎዱ ሰዎችም ነበሩ። ዴክሳሜታዞን ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። ሕመሙን በአንድ ቀን ጸጥ ያደርጋል፤ ሲሰነብት ስኳርና ግፊት ያወጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ በድንገት ሲቋረጥም ሕይወት ያሰጋል። ምንነቱ ያልተጻፈ እንክብል በሚያስገርም ፍጥነት ቢያሽላችሁ፣ ፍጥነቱ ራሱ ሊያጠራጥራችሁ ይገባል። ስትወስዱ የቆያችሁ ካላችሁም በራሳችሁ ሳታቋርጡ እንክብሉን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ማስታገሻው ብቻውን ጉልበትን አይጠግንም። ለተሸረሸረ ጉልበት የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴና ከመጠን ያለፈ ክብደትን መቀነስ የሕክምናው ዋና ክፍሎች ናቸው። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ አንሥቶ ጥቂት ቆይቶ መመለስ፣ በየቀኑ ሜዳ ላይ መራመድ፣ ሲያስፈልግ ከታመመው እግር በተቃራኒ እጅ ከዘራ መያዝ፤ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ ጨጓራ የማይነኩ ሕክምናዎች ናቸው። እነዚህን የያዘ ሰው የክኒኑ ቁጥር ይቀንስለታል።

በሥራ ላይ ላላችሁ የሙያ ባልደረቦቼም አንድ ልመና አለኝ። ዳይክሎፌናክ ከማቀበላችን በፊት «ጨጓራ አለብዎት? ልብዎን ወይም ግፊት ይታከማሉ? ኩላሊትዎስ?» ብለን ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅብንም። ወረፋው እየበዛ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያቺ ደቂቃ ግን የአንዲትን እናት ኩላሊት ልታተርፍ ትችላለች።

እናንተ ደግሞ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የእናታችሁን፣ የአባታችሁን፣ የራሳችሁንም መድኃኒት ሁሉ፣ የግፊቱን፣ የስኳሩን፣ ከውጭ የተላከውን፣ የባሕሉንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል አድርጉ። በዚህ ሳምንት ወደምታምኑት ሐኪም ወይም ፋርማሲ ውሰዱትና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው ወይ? ለዚህ ሰው ጨጓራ፣ ልብና ኩላሊት የሚስማማው የትኛው ነው? ስንት ቀን ይወሰዳል፣ መቼ ይቆማል? የሦስቱን መልስ በወረቀት አጽፋችሁ ከመድኃኒቱ ጋር አስቀምጡት። ሕመም ያለበት ሰው የመታገሥ ግዴታ የለበትም፤ እፎይታም ደህንነትም ባንድ ላይ ይገባዋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስገኝለት በጥያቄ የተመረጠ መድኃኒት ነው።

 ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁ፤ በይፋ መጠየቅ የሚከብዳችሁም ፌስታላችሁን ይዛችሁ ወደ እኔ ኑ።